ውኃ እንቢ ያለው ጉሮሮዬ

ይህን የምጽፈው ምግብ ወይም ውኃ በየጊዜው ትን እያለው «ያልፍልኛል» ብሎ ለተቀመጠ ሰው ነው። እኔም እንደዚያው ብዬ ስድስት ወር ተቀምጫለሁ። በስድስት ወር ውስጥ ሰውነቴ በግማሽ ቀለጠ፣ ለሦስት በሽታ ታከምኩ፣ ሦስቱም የኔ አልነበሩም። አንድ ጊዜም ሰው በተሰበሰበበት ሰርግ ቤት፣ ሞሰብ ሥር ተጋድሜ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

ዓለሙ እባላለሁ፤ ናዝሬት ውስጥ ሥጋ ቤት ነበረኝ። ቁጡ ሰው ነኝ፣ ይህን ከወዲሁ ልናገር። ደንበኛ «ጮማው አነሰ» ካለኝ ቢላዬን ጠረጴዛው ላይ ሰክቼ ነበር የምመልስለት። ሚስቴ አስካለ ሰው ሥጋ ሊገዛ እንጂ ሊጣላ አይመጣም እያለች ታበርደኝ ነበር። በዚያ በደርግ ዘመን ሥጋ የምንጠቀልለው ባገኘነው ወረቀት ነው። የድሮ ደብተር፣ ጋዜጣ፣ የመሥሪያ ቤት ቅጽ ከየመንደሩ ከሚሰበስቡ ሰዎች በክምር እየገዛሁ ከሚዛኑ ሥር አስቀምጥ ነበር። ማንበብ አውቃለሁ፤ ግን የሥጋ መጠቅለያ ማን ያነባል? በኅዳር ወር አንድ ጠዋት ለቀበሌያችን ሊቀ መንበር ቤት ሁለት ኪሎ ሥጋ ላክሁ። ሥጋው የተጠቀለለበት ወረቀት፣ መንግሥትን የሚሰድብ፣ የተገኘበት ሰው የሚረሸንበት በራሪ ጽሑፍ ኖሯል።

ከሰዓት በኋላ መጡና ከነሽርጤ ወሰዱኝ።

ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጓሮ የእህል መጋዘን ነበር። እጄን ከእግሬ አስረው፣ በጉልበቴ መታጠፊያ እንጨት አሳልፈው ሰቀሉኝ። ወፌ ላላ ይሉታል፤ ላላየው ሰው፣ ቁልቁል ተሰቅሎ ውስጥ እግርን መገረፍ ነው። ጩኸቴ ወደ መንገድ እንዳይወጣ ላብ የጠጣ ካልሲ አፌ ውስጥ ጠቀጠቁ። ከዚያ «ወረቀቱን ማን ሰጠህ?» ይሉኛል። አፉ የተጠቀጠቀ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? እግሬ ተልጦ ሥጋው ታየ፤ እኔን ግን ከሕመሙ ይልቅ ያ የሞኝ ጥያቄ አቃጠለኝ።

ከገራፊዎቹ አንዱ ደምሴ የሚባል አብዮት ጥበቃ ነበር። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት በየቀኑ ሥጋ ቤቴ ደጅ እየቆመ ለውሻው አጥንት ይወስድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ካልሲውን አውጥቶ ተናገር ሲለኝ፣ «ለውሻህ አጥንት ስጠቀልልልህ አንተስ ወረቀቱን አንብበኸው ነበር?» አልኩት። ጓደኞቹ ሳቁ። የሳቁት ሳቅ ነው ጉድ የሠራኝ። ደምሴ ጠመንጃውን ገልብጦ በሰደፉ አንገቴን መታኝ፤ በግራ በኩል፣ ማንቁርቴ ላይ። የዶሮ አጥንት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከራሴ አንገት ወጣ። ደም ተፋሁ። ከዚያ በኋላ ድምፄ አልተመለሰም፤ የሚወጣው ፉጨት የቀላቀለ ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

የቀረውን ክምር ሲያገላብጡ የተማሪ ደብተርና የድሮ ቅጽ ብቻ ሆኖ ስላገኙት፣ ጥፋቴ ክፋት ሳይሆን ጅልነት ነው ተባለና በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ፈቱኝ። ከመውጣቴ በፊት ግን በእስር ላይ ሳለሁ ማንም አልነካኝም የሚል ወረቀት ላይ አስፈረሙኝ። ደምሴ በር ላይ ቆሞ «አንገትህን ማን መታህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ማንም» አልኩት። ሰደፉ አንገቴን ጎዳው፤ ይህች «ማንም» ያልኩት ቃል ደግሞ ልትገድለኝ ምንም አልቀራት።

ቤት እንደገባሁ አስካለ ውኃ ሰጠችኝ። አንዴ ጎንጨት ብል ውኃው በአፍንጫዬ ወጣ፣ የቀረውም ትን ብሎኝ ዓይኔ ደም እስኪመስል ሳልኩ። ሻይም እንደዚያው፤ ምራቄ እንኳ ተኝቼ ያንቀኝ ጀመር። እንጀራው ፍርፍር ካለና ጠበቅ ካለ ይወርዳል፤ ቀጭን ነገር ግን አልገባም አለ። ይህ ነገር ገርሞኝ ነበር፤ ለታመመ ሰው የሚሰጠው አጥሚትና ሾርባ አይደል? አስካለ ከልቧ አዝና መረቁን እያቀጠነች ትሰጠኝ ነበር፤ ባቀጠነችው ቁጥር ይብስብኛል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከጠዋት እስከ ቀትር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ከጎኔ የነበሩ የወሎ ነጋዴ ሴት ሳሌን ሰምተው ፊታቸውን አላዞሩም፤ ነጠላቸውን አጣጥፈው ራሴን አስደገፉኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ተራዬ ሲደርስ ሐኪሙ ምን እንደ ሆንኩ ጠየቀኝ። ከፊቱ የቀበሌው ካድሬ ኋላ የሚያነበው የታካሚ መዝገብ ተዘርግቷል። ጉንፋን ይዞኝ ነበር አልኩ። አፌን በባትሪ አይቶ ቶንሲል ነው አለና የፔኒሲሊን መርፌ አዘዘልኝ። እሱ ምን ያድርግ? ዋሸሁት፣ ላልኩት በሽታ አከመኝ።

መርፌው ሲያልቅ ሳሉ ባሰ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ፈረደ። ገበያው አጠገብ እንጥል የሚቆርጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ጎረምሶች እጄን ይዘው፣ ሽማግሌው ምላሴን በማንኪያ ተጭነው፣ በፈረስ ጭራ ቋጠሮ እንጥሌን አንቀው ቆረጡት። በሕይወቴ ስንት በሬ አርጃለሁ፤ ከእጄ ሥር የሚያጓራው እንስሳ ምን እንደሚሰማው ያን ቀን አወቅሁ። ደሙ ወደ ሆዴ መውረዱን ትቶ ወደ ሳንባዬ ወረደ። በሳምንቱ ትኩሳት አንቀጠቀጠኝ፣ አክታዬ ደም ቀላቀለ።

ደም የቀላቀለ አክታ፣ ሳልና ክሳት ሲታይ ሦስተኛው ፍርድ ሩቅ አልነበረም፤ ሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። በየቀኑ መርፌ፣ በየቀኑ አግዳሚ። ደንበኞቼ ሥጋዬን ሸሹ፣ ሥጋ ቤቱን ዘጋሁ። ጎረቤት ቡና ሲጠራን አስካለን ብቻ ይጠራ ጀመር። ፈራሁ፤ ጉሮሮዬን ሳይሆን እንቅልፍን ፈራሁ፣ ተኝቼ የራሴ ምራቅ ይገድለኛል ብዬ ግድግዳ ተደግፌ ተቀምጬ ማደር ለመድኩ።

በሚያዝያ ወር ጎረቤታችን ልጁን ዳረ። መቅረት አይቻልም፤ ከሰርግ የቀረ ሰው ምን ያሴራል የሚባልበት ጊዜ ነበር። ደምሴ ያኔ የጥበቃው ጓድ መሪ ሆኖ ነበር፤ ሽጉጡን ታጥቆ መጥቶ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እኔ እንጀራዬን ቆንጥሬ እያሸሁ ስቀመጥ አየኝና ድስት የሚያህል ጉርሻ ቀይ ወጥ ነክሮ ጠቀለለ። ክንዱን ዘርግቶ፣ «ጓድ ዓለሙ፣ ቂም የለንም አይደል?» አለ።

ዳሱ ሁሉ ወደኛ ዞረ። ጉርሻ እንቢ ማለት ድሮም ነውር ነው፤ ከዚያ ሰው እጅ ጉርሻ እንቢ ማለት ደግሞ ቂሜን በሕዝብ ፊት መፈረም ነበር። አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ እንጀራ አፌ ውስጥ ሲገባ ካልሲው ትዝ አለኝ። እንደ ምንም አንገቴን ሰብሬ ሳልውጠው፣ «አንዱ ያጣላል» ብሎ ሁለተኛውን ጨመረ። ሰው ሁሉ «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» እያለ አጨበጨበ።

አየር ተዘጋ። ተነስቼ ወደቅሁ፤ ሞሰቡ ላዬ ላይ ተገለበጠ። እግሬ እንደሚታረድ በግ ሲንፈራገጥ ይታየኛል፣ ማስቆም ግን አልችልም። ሰው መሐል አናቴን ይመታል፣ ውኃ አምጡ ይላል፤ ውኃ ቢያመጡ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። አስካለ ሰዉን ገፍታ ደረቴ ላይ ወጣችና ጣቶቿን እስከ ጉሮሮዬ ከተተች። ነከስኳት። አጥንት እስኪሰማኝ ነከስኳት፤ እሷ ግን እጇን ሳታወጣ ያንን ጉርሻ ቆንጥራ ጎትታ አወጣችው። የጥርሴ ምልክት ዛሬም ጣቷ ላይ አለ። ደምሴ ሥጋ ሻጭ በወጥ ሊሞት ነው ብሎ ሲስቅ ሰማሁት።

ቤት ስንገባ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ያዳነችኝን ሴት ለምን አወጣሽው ብዬ ከግድግዳ ጋር አጋጨኋት። ደምሴን መምታት አልችልም፤ እሷን ቻልኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን የሕመም ታሪክ ከተጻፈ ይህም የሕመሙ ክፍል ነው። አስካለ ግንባሯ አብጦ ሳለ የምለብሰውን ልብስ በጨርቅ አሰረች። «እዚህ ብትቀር ወይ እሱ ይገድልሃል፣ ወይ አንተ እኔን ትገድለኛለህ» አለችኝ። ለከብት ግዢ ብለን ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት አወጣንና በጭነት መኪና እህቷ ወዳለችበት ወደ አዳሚ ቱሉ ወረድን።

እዚያ አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ነበረች። ሐኪም የለም፤ ያለው ገመቹ የሚባል ጤና ረዳት ነው፣ ሰው ሁሉ ድሬሰር ይለዋል። የአርሲ ሰው ነው፤ ጦር ሠራዊት ውስጥ ቁስለኛ ሲያክም ኖሮ እግሩ ተጎድቶ የተሰናበተ። የሳንባ ነቀርሳ ካርዴን አየና ወደ ጎን አስቀመጠው። ረጅም «አ» በል አለኝ። ትንፋሼ በጎን አፈተለከ። ጣቱን ማንቁርቴ ላይ አድርጎ ምራቅህን ዋጥ አለኝ። ከዚያ በማንኪያ ትንሽ ውኃ ሰጥቶ ደረቴን በማዳመጫው አዳመጠ። ስስል ቆይቼ ቀና ስል በቀጥታ ዓይኔን እያየ ጠየቀኝ።

«ማነው የመታህ?»

«ከመኪና ላይ ወድቄ ነው።»

«ከመኪና የወደቀ ሰው ጉልበቱ ይላጣል፣ ጥርሱ ይረግፋል። ያንተ ማንቁርት ለብቻው ነው የወደቀው?»

መንግሥት የቀጠረው ሰው ነው፣ ወታደር የነበረ ነው፤ የፈረምኩት ወረቀት ትዝ አለኝ። ያኔ አስካለ ከኋላዬ «በጠመንጃ ሰደፍ መቱት፤ ቀበሌ ውስጥ» አለች። ዞር ብዬ እጄን አነሳሁባት። ገመቹ እጄን አየር ላይ ያዘው፤ እንደ ብረት የጠነከረ እጅ ነበረው። አስቀመጠኝ፣ እያነከሰ ሄዶ በሩን ዘጋና ተመለሰ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እሷ ነች መድኃኒትህን ያመጣችው» አለኝ። ካርዱን አዙሮ የሕመሙ ምክንያት በሚለው መስመር ላይ ጉንፋን ብሎ ጻፈ።

ከዚያ አስረዳኝ። ያስረዳኝ በበሬ አንገት ነው፤ ሥራዬን አስካለ ነግራዋለች። የታረደ በሬ አንገት ውስጥ ፊት ለፊት ያለው ጠንካራው ቧንቧ የትንፋሽ፣ ከኋላው የተለጠፈው ለስላሳው የምግብ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ሰው ሲውጥ ማንቁርቱ ወደ ላይ ብድግ ብሎ የትንፋሹን በር ይዘጋል አለኝ። የኔ ግራ ጎን በምቱ ስለ ሰነፈ በሩ ገርበብ ብሎ ይቀራል፤ ውኃ ፈጣን ስለሆነ ሳይዘጋ ቀድሞ ይገባል፤ ሳንባዬን የሚያቆስለውም ይኸው ነው እንጂ ነቀርሳ አይደለም። ለማረጋገጥ አክታዬን ወደ ሻሸመኔ ልኮ አስመረመረ፤ ነቀርሳ የለም ተባለ። ኦጋዴን ላይ አንገታቸውን የተመቱ ወታደሮችን አንድ የኩባ ሐኪም መዋጥ ሲያስተምር አይቶ ነው ገመቹ ይህን ሁሉ የተማረው።

«መድኃኒቱስ?» አልኩት።

«መርፌ የለውም። እንደ ሕፃን መብላት እንደ አዲስ ትማራለህ።»

ትምህርቱ ቀላል ይመስላል። ቀጥ ብዬ መቀመጥ፤ ከመብላቴ በፊት አፌን በመፋቂያ ማጽዳት፤ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ብቻ መጉረስ፤ አገጬን ወደ ደረቴ ዝቅ አድርጌ ፊቴን ወደ ተጎዳው ወደ ግራ ማዞር፤ ትንፋሼን ይዤ በኃይል ሁለት ጊዜ መዋጥ፤ ከዚያ ሳል ማድረግ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መተንፈስ። በልቼ እስኪረጋ ድረስ አለመተኛት። ስበላ ወሬ የለም፣ ሳቅ የለም፣ የሰው እጅ ወደ አፌ አይቀርብም። ቀጭን ነገር ክልክል ነው፤ የምጠጣውን ውኃ በበሶ ዱቄት አወፍሮ፣ ከማንኪያው ላይ የማይሮጥ አድርጎ ነው የሚሰጠኝ። ችኩል ስለሆንኩ ገመቹ በየጉርሻው ጉልበቴን መታ እያደረገ «ሱታ፣ ሱታ» ይለኝ ነበር፤ ቀስ በል ማለቱ ነው።

የጠዋቱ ሥራ ደግሞ ሌላ ነው። የክሊኒኩን ግድግዳ በሁለት እጄ በሙሉ ጉልበቴ እየገፋሁ «አ!» ብዬ መጮህ አለብኝ፤ ስገፋ የሰነፈው ጎን ይጠነክራል አለኝ። ካልሲ ተጠቅጥቆብኝ ያልጮህኩትን ሁሉ እዚያ ግድግዳ ላይ ጮህኩት። ደምሴን እየረገምኩ፣ ቀበሌውን እየረገምኩ፣ ራሴንም እየረገምኩ ገፋሁ። አላፊ አግዳሚው ሰው አብዷል አለ፤ ገመቹ ለጠየቀው ሁሉ የወገብ ሕመም ነው ይል ነበር።

በሐምሌ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ሁለት ወር ሙሉ ውኃ የሚባል ነገር ጥርሴን አልነካም፤ በዚያ ሞቃት አገር ሰው ሁሉ ሲጠጣ እያየሁ በሶ ልሼ እውላለሁ። አንድ ቀን ከአስካለ እህት እንስራ ጣሳ ሞልቼ ጨለጥኩ። የጠጣሁት በእልህ ነው። ግማሹ ሳንባዬ ገባ። በማግሥቱ ጎኔ እንደ ቢላ ይወጋኝ ጀመር፣ ትኩሳቱ አቃዠኝ። ገመቹ አሥር ቀን በየስድስት ሰዓቱ እያነከሰ መጥቶ ፔኒሲሊን ወጋኝ። ስነቃ ያዝንልኛል ብዬ ስጠብቅ ጥፊ አቀመሰኝ።

«ግንባር ላይ እንዳንተ የጠጡትን ሦስቱን በእጄ ቀብሬያለሁ» አለኝ። «መሞት ከፈለግህ ወደ ናዝሬት ተመለስ፤ እዚያ የሚገድል ሰው ሞልቷል።»

እጄ ሳይታሰር ሰው መትቶኝ ያልመለስኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አልቅሼ ይቅርታ ጠየቅሁት። አስካለንም፣ ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ስለ ግድግዳው ይቅርታ ጠየቅኋት። የበሶውን ሳህን አቀበለችኝና አገጭህን ዝቅ አድርግ አለችኝ። ይቅር ማለቷ መሆኑን ለመረዳት ሁለት ቀን ወሰደብኝ።

ከዚያ ወዲያ በሕጉ ሄድኩ። ነሐሴ ላይ ወፍራም እርጎ፣ መስከረም ላይ ድብን ያለ ሽሮ፣ ከዚያ አጥሚት። ድምፄ ከፉጨት ወደ ሻካራ፣ ከሻካራ ወደ ሰው ድምፅ መጣ። የሸሚዜ ኮሌታ አንገቴ ላይ መሙላት ጀመረ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ትንታ ሲደጋገምብህ፣ ከበላህ በኋላ ድምፅህ ውኃ የያዘ ሲመስል፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሲመላለስብህ፣ እንጥል ቆራጭ ጋ አትሂድ። ለታመመ ሰው መረቅ ቀጭን ይሻላል የምትሉም ቆም ብላችሁ እዩ። ከሁሉ በላይ ግን ለሚያክምህ ሰው እውነቱን ንገረው። መናገር የሚያስገድል ጊዜ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔ ያየሁት ግን ዝምታውም ይገድላል።

ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ገመቹ ከሌሎቹ ታካሚዎች ጋር አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ። ተራዬ ሲደርስ ንጹሕ ውኃ በብርጭቆ ቀድቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ዛሬ አንገትህን አታዙር፣ እንደማንኛውም ሰው ጠጣ አለ። ብርጭቆውን በሁለት እጄ አነሳሁት። አስካለ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ሳሌን ላለመስማት ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ጎንጨት አልኩ። ቀዝቃዛው ውኃ ጉሮሮዬን አልፎ ሲወርድ ተሰማኝ። ጠበቅሁ። ገመቹ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ «አ» በል አለኝ፤ አልኩ፤ ንጹሕ ወጣ። ብርጭቆውን ጨለጥኩት።

ተነሥቼ ሄጄ የአስካለን እጆች ከጆሮዋ ላይ አወረድኩ። ዓይኗን ገለጠች።

«ትን አለህ?» አለችኝ።

«አላለኝም» አልኳት። «ድገሚኝ፣ ቅጂልኝ።»